አሳ ተምሬ የት ልግባ ላልሽኝ ልጅ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። የጣና ዳሯ የቁንዝላ ልጅ ነኝ፣ አባቴ አሳ አስጋሪ ነው፣ ባህር ዳር 3ኛ አመት የአሳ ሀብት እየተማርኩ ነው ግን ጓደኞቼ "ተመርቀሽ አሳ ልትጠብሺ ነው?" እያሉ ይስቁብኛል፣ አካውንቲንግ ልቀይር ወይ? ነው ያልሽው።

እኔን ከሰማሽ አትቀይሪ። ክፍላችሁ ውስጥ አብዛኛው ልጅ ነጭ አሳን በስላይድ ነው የሚያውቀው፣ አንቺ ከመረብ ስታላቅቂው ነው ያደግሽው። ነጭ አሳ እያልን በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ 15 ገደማ አይነት ነው፣ አብዛኛው ከጣና ውጭ የትም የሌለ፣ ብዙው ደግሞ ክረምት ሲገባ እንደ ግልገል አባይ ወዳሉት ገባር ወንዞች ወጥቶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው፣ ታዲያ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋበት ወይ ብርብራ (አሳ የሚያደነዝዝ የዛፍ ፍሬ) ተወቅጦ ውሃው ላይ ሲበተን የከርሞውም አብሮ ነው የሚያልቀው። ይሄን አስጋሪው አያውቅም እንዴ? ከኛ በላይ ያውቃል። ባለሙያ መጥቶ አታስግሩ ሲለው "እና ክረምቱን ልጆቼ ምን ይብሉ?" ይላል፣ ባለሙያው ዝም።

ያንቺ እንጀራ እዛች ዝምታ ውስጥ ነው ያለው ባይ ነኝ። አንድ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ፊሌቶ፣ ማለትም ንፁህ ስጋው ብቻ፣ ሲወጣለት ከግማሽ በላዩ ጭንቅላትና አጥንት ምናምን ሆኖ ዳር ላይ ይጣላል ይሸታል፣ እሱ ተቀቅሎ ደርቆ ቢፈጭ የዶሮ መኖ ነው። ሁዳዴ ላይ አሳ ይፈለጋል፣ በረዶ ግን የለም፣ ፀሀይ ላይ የዋለውን ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ያነሳዋል። በረዶም ሆነ መኖ ሴቶች ተደራጅተው የሚሰሩት ነው፣ ክረምቱንም የሚያሻግር።

የመንግስት ቅጥር ላይ ብቻ አትንጠልጠይ፣ ቦታው ጥቂት ነው። ባህር ዳር ያለው የአሳ ምርምር ማእከል ግን ለልምምድ አመልክቺ፣ እምቢ ቢሉሽ ድጋሚ ሂጂ። አካውንቲንጉንም አጭር ኮርስ ውሰጂው፣ የአስጋሪ ማህበር በሂሳብ ጭቅጭቅ ሊፈርስ ስለሚችል እዛው ይጠቅምሻል።

እስከዛ ሀምሌ ቤት ስትገቢ ደብተር ያዢ፣ አባትሽ ያመጣውን በየቀኑ አይነቱን፣ ርዝመቱን፣ እንቁላል ያለው ስንቱ እንደሆነ ፃፊ። ለስራ ስትወዳደሪ ከዲግሪሽ ቀድመሽ እሱን ነው የምታሳዪው። ሜትርና ሚዛን አትርሺ፣ ሚዛኑን ብቻ ከነጋዴው ተውሰሽ እንዳታመጪ፣ እሱ ሁሌ አሳ ያቀላል 😄