ዲግሪያችሁን ጥላችሁ የወጣችሁ ልጆች፣ እስቲ ሬጅስትራር ብቅ በሉ

ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ሳትመረቁ ለቀራችሁት ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን የጨረስኩት የተማሪ ማኅደር ሳገላብጥ ነውና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ባሕር ዳር ላይ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከፔዳ ወይም ከፖሊ፣ አቋርጦ የወጣ ሰው ሞልቷል። ሁሉም በውጤት ተባርሮ እንዳይመስላችሁ። አንዱ አባቱ ሞተውበት፣ አንዷ ወልዳ፣ ሌላው መንገድ ተዘግቶበት ነው የቀረው። ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልስ አንድ የጀልባ ልጅ አውቃለሁ። የጎደለው አንድ ኮርስ ብቻ ነው። ግሬድ ሪፖርቱን በፌስታል ጠቅልሎ ከላይፍ ጃኬቶቹ ሥር ሸጉጦታል፤ ያቺ «ኤንጂ» (ውጤት አልገባም የምትለዋ ምልክት) እስካሁን እንደተገተረች አለች። ለምን አታስተካክላትም ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ አሁንማ ጊዜው አልፏል» አለኝ። ማን ነገረህ? ማንም! ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ።

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጆቹ ራሳቸው ያቋረጠውን ተማሪ የሚፈልጉበት አሠራር አለ። ተማሪው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጀምሮ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ በኋላ ቢያቋርጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያገኘው ክሬዲት ወደ መጀመሪያው ኮሌጅ ይላክና ከበፊቱ ጋር ተደምሮ ከሞላ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ይሰጡታል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዝርያ ስላላቸው ብቻ ከክፍል ተነቅለው ለወጡ 700 ገደማ ተማሪዎቹ በ2009 እ.ኤ.አ. የክብር ዲግሪ እንዲሰጥ ወስኗል። እኛም ጋ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ገጠር ዘምቶ፣ ወደ ትምህርቱ ሳይመለስ የቀረው ብዙ ነው።

እኔ እንዲሁ የሚታደል ዲግሪ አልወድም። ደክሞ የተመረቀውን ማቃለል ነው። የተማራችሁት ግን የእናንተ ነው፤ ተቆጥሮ የጎደለው ይሞላ ነው የምለው። መሙላቱም ቀላል አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፣ ኮርሱን ብትጨርሱም 50 ከመቶ ሳታመጡ ዲግሪ የለም።

ስትሄዱ «ልመረቅ እችላለሁ ወይ?» አትበሉ። «አይቻልም» ማለት ለሠራተኛው ቀላል ነው። «ስንት ክሬዲት ቀረኝ?» በሉ፣ ያኔ ፋይሉን መክፈት ግድ ይሆንበታል። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ኮርሱ ከሌለ አቻውን የሚወስነው ትምህርት ክፍሉ ነው፤ ማመልከቻ አስገቡ፣ ቅጂው ላይም ማኅተም አስመቱ። በቃል የተነገራችሁን አትመኑ፣ የነገራችሁ ሰው ነገ ይዛወራል።

አሁን ለማቋረጥ ያሰባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ በሴሚስተሩ መሀል ሻንጣ ይዛችሁ እብስ አትበሉ። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሙሉ፣ ክሊራንስ (ዕዳና ንብረት የለበትም የሚለውን) ጨርሱ፣ ወረቀቱን ለእናታችሁ ስጡ። እናት ወረቀት አትጥልም።

እና ሰኔና ሐምሌ ላይ አትሂዱ፤ የምረቃ ግርግር ነው፣ ዞሮ የሚያያችሁ የለም። ኅዳር አካባቢ፣ በጠዋት ነው የሚሻለው።