ቢጫው ቀለም ሲጠፋ

ልጆቼ፣

የመጀመሪያውን ጄሌን (ውሃ አዝሎ የረጋ ነገር ነው) የሠራሁ ቀን ብልቃጡን ገልብጬ ብዙ ደቂቃ ይዤው ቆየሁ። ጠብ አላለም። ከ100 እጅ 99 ገደማው ውሃ ነው፤ ውሃውን የያዘው ኤፍሞክ የሚባል ቆብ የደፋ ፌኒልአላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ የሁለት ቅጥልጥል ብቻ ነበር። ፒኤቹ ከፍ ሲል፣ ማለትም ውሃው ከአሲድ ተቃራኒ የሆነ ቤዝ ሲሆን፣ ይሟሟል። ዝቅ ሲል ግን ሞለኪውሎቹ ማንም ሳያያይዛቸው ተደራርበው ክር ይሆናሉ፤ ክሮቹም ተጠላልፈው ውሃውን ያስሩታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል የሰማሁትን ያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

እንዲህ ያለ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲድ ቅጥልጥል፣ ለብረት ቅርጽ ማውጫ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሜይታል ሬቸስና ኤሁድ ጋዚት በፔፕታይድ ቱቦ ውስጥ ብር አበጁ፤ ቱቦውን በኤንዛይም ሲያሟሙት ቀጭን የብር ሽቦ ቀረ። እኛም ጄሉን በወርቅ ወይም በፓላዲየም ጨው አርሰን ጨውን ወደ ብረትነት እንመልሳለን፤ የብረቱ ቅንጣቶች ካታሊስት ይሆኑናል፣ ማለትም ራሳቸው ሳያልቁ ኬሚካዊ ለውጥን ያፋጥናሉ። ቅንጣቶቹ ክሩ ላይ ተበታትነው ካልያዙ ይጓጎላሉ፣ የሚሠራው ገጻቸውም ይቀንሳል። ወርቅ ሲሆን ይህ በዓይን ይለያል፤ ደቃቁ ቀይ ነው፣ የተጓጎለው ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይሄዳል።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ካታሊስት መሥራቱን የምንፈትነው ብዙ ጊዜ በናይትሮፌኖልና በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ነው፤ ካታሊስቱ ከሠራ ቦሮሃይድራይዱ ቢጫውን ናይትሮፌኖል ቀለም ወደሌለው አሚኖፌኖል ይለውጠዋል። ቢጫው ሲጠፋ ሠርቷል እንላለን። እኔም ቢጫው ሲፈዝ አይቼ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ወርቅ የሌለበትን ጄል ሞክረሃል?»

አልሞከርኩም ነበር። ስሞክረው እሱም ፈዘዘ። ቀለሙ ወደ ጄሉ ውሃ ሰርጎ ገብቶ ኖሯል! የሦስት ሳምንት ደስታዬ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ስለዚህ አደራ፣ መጥፋቱን ብቻ አትዩ። የብርሃን መምጠጥን በሚለካው መሣሪያ ላይ በ400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የናይትሮፌኖሉ ጫፍ ሲወርድ በ300 አካባቢ የአሚኖፌኖሉ ጫፍ መውጣት አለበት። ቦሮሃይድራይድ ውሃውን ቤዝ እንደሚያደርገውም አትርሱ፤ ቅድም ያልኳችሁ ጄል ደግሞ በቤዝ ይሟሟል። ሙከራው መሃል ላይ ሲደርስ ጄሉን አውጡትና ፈሳሹን ብቻውን ተከታተሉት። መሥራቱን ከቀጠለ ብረቱ ከክሩ አምልጧል፤ «ጄሉ ይዞታል» ብላችሁ ልትጽፉ አትችሉም። ፓላዲየም ላይ በተለይ ይህን አትዝለሉ፣ ጥቂት የሾለከ እንኳ ብዙ ይሠራል።

እኔ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የማዘጋጀው ወርቅ የሌለበትን ብልቃጥ ነው።