በረንዳዬ ላይ ያቆምኩትን ዲሽ አከራዬ ሊያስነሳኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፣ የኪራይ አፓርታማ 5ኛ ፎቅ ላይ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ በበረንዳዬ ሃንድሬል ላይ በብሎን አስሬ፣ ኬብሉን የውጭውን ግድግዳ በስቼ አስገባሁ። ማኔጅመንቱ ውሉ ዲሽ እንደሚከለክል ጠቅሶ በ10 ቀን ውስጥ ካልተነሳ በቀን 50 ዶላር እንደምቀጣ ጻፈልኝ። ውሉን ፈርሜያለሁ። መብት አለኝ?

መልስ፦ አለዎት። ዲሹን አያንሱ፤ አቀማመጡን ግን ዛሬውኑ ያስተካክሉ፤ አሁን ባለበት ሁኔታ መብትዎን እየጎዳው ነው።

የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍ ሲ ሲ) እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውና በተለምዶ «ኦታርድ» የሚባል ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 22 ቀን 1999 ጀምሮ ተከራዮችንም ይጠብቃል። አከራይም ሆነ የኮንዶሚኒየም ማኅበር፣ ተከራዩ ወይም ባለቤቱ ለብቻው በሚጠቀምበት ቦታ ላይ ስፋቱ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ዲሽ እንዳያቆም መከልከል፣ ያለ በቂ ምክንያት ማዘግየት ወይም ወጪውን ማናር አይችልም። በደንቡ የታገደው እንዲህ ያለው የውል አንቀጽ ራሱ ስለሆነ መፈረምዎ መብትዎን አያስቀርም። «የሕንፃውን መልክ ያበላሻል» ማለትም ብቻውን አይበቃም። በግልጽ የተጻፈ የደኅንነት ምክንያት፣ ለምሳሌ የእሳት አደጋ መውጫን መዝጋት፣ ወይም ሕንፃው በብሔራዊ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ውስጥ መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር እገዳው አይጸናም። ይህንን የማስረዳት ሸክም ያለበት ደግሞ አከራዩ ነው።

የእርስዎ 90 ሴንቲ ሜትር ከመጠኑ በታች ነው። 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ኖሮ ይህ ደንብ አይሸፍንዎትም ነበር።

ችግሩ ያለው ቦታው ላይ ነው። ደንቡ የሚጠብቀው በረንዳው ክልል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያለውን ዲሽ ነው። ከሃንድሬሉ ውጭ ያለው አየር፣ የውጭው ግድግዳና ጣሪያው የጋራ ስለሆኑ በዚያ ላይ አከራዩ መከልከል ይችላል። ሃንድሬል ላይ የታሰረ ዲሽ ደግሞ ሳህኑ ወደ ውስጥ ቢሆን እንኳ ኤል ኤን ቢውን (ከሳህኑ ፊት ለፊት ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበለውን ክፍል) የተሸከመው ክንድ አንድ ሁለት ስንዝር ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙ ሰው ሳህኑን ብቻ ለክቶ «ውስጥ ነው» ይላል፤ የማኔጅመንቱ ፎቶ የሚያሳየው ግን ያንን ክንድ ነው።

ስለዚህ ብሎኑን ፈትተው ዲሹን በራሱ በሚቆም ምሰሶ ላይ ይትከሉት። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ መካከል ቱቦውን ቀጥ አድርገው ያቁሙና አንድ ባለ 80 ፓውንድ ከረጢት ደረቅ ኮንክሪት በውኃ አቡክተው ይሙሉት፤ ክብደቱ 36 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ዲሽ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው፤ ሲግናሉም ከላይ ዘንበል ብሎ ስለሚመጣ እስከ ግድግዳው ድረስ ከገፉት የላይኛው ፎቅ ወለል ይጋርደዋል። የክንዱ ጫፍ ከሃንድሬሉ እስኪገባ ብቻ ይሳቡት። በረንዳዎ ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ ግን፣ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ አከራዩ ሌላ ቦታ እንዲሰጥዎ ወይም የሚጋርድ ዛፍ እንዲቆርጥልዎ ደንቡ አያስገድደውም።

የተበሳው ግድግዳ ሌላ ጉዳይ ነው። የውጭ ግድግዳ መብሳትን አከራይ መከልከል ይችላል፤ ለማሳደሻውም ሊያስከፍልዎ ስለሚችል በዚህ አይከራከሩ። ኬብሉን አውጥተው ቀዳዳውን ውኃ እንዳያስገባ በሲሊኮን ይድፈኑና በበረንዳው በር ስር የሚያልፍ ጠፍጣፋ ኬብል ይጠቀሙ።

ይህን ሲጨርሱ ከጎንና ከፊት ፎቶ ያንሱ፤ ሜትር ከሳህኑ ላይ አጋድመው ስፋቱ እንዲነበብ፣ ሌላ ፎቶ ላይ ደግሞ ክንዱና ሃንድሬሉ አብረው እንዲታዩ ያድርጉ። ከዚያ የደንቡን ቁጥር (47 ሲ ኤፍ አር 1.4000) ጠቅሰው፣ ዲሹ ከ1 ሜትር በታችና ሙሉ በሙሉ በረንዳዎ ውስጥ መሆኑን፣ ቅጣቱም እንዲነሳ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ይላኩ። የደረሰኙን ቁራጭ አይጣሉ።

እምቢ ካሉ ለኤፍ ሲ ሲ ወይም ለፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። እገዳው በደኅንነት ወይም በቅርስ ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ሊያስነሱዎት አይችሉም፤ ቅጣትም አይቆጠርም። ቢፈረድብዎት እንኳ፣ ክርክርዎ መሠረተ ቢስ ካልተባለ፣ ለማስተካከል ቢያንስ 21 ቀን ይሰጥዎታል።

በዚህ መሀል ኪራይዎን ሙሉውን፣ በቀኑ ይክፈሉ፤ ቼኩ ላይም «የወሩ ኪራይ» ብለው ይጻፉበት። በቅጣቱ ተናደው ኪራይ ከያዙ፣ በዲሽ ሊያስወጣዎት ያልቻለው አከራይ በውዝፍ ኪራይ ፍርድ ቤት ይወስድዎታል።