ልውጣ ወይስ ልቅር? የክረምት መንገድ ጥያቄና መልስ ከሱሉልታ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ላይ የወረደውን በረዶ ያያችሁ አይታችኋል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው ዳገት አስፋልቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ሦስት መኪና ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ማታ ስልኬ በጥያቄ ሞላ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ጠይቁኝ።

31 ዓመት ነድቻለሁ። አብዛኛውን በጎጃም መስመር፣ በጭነት መኪና። አሁን ሱሉልታ ተቀምጬ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ልጆችን አለማምዳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚባለው ቁልፍ ሳይዞር ነው። አንዴ መንገድ ከገቡ በኋላ መልሶ የሚዞር ሰው ጥቂት ነው።

የሱሉልታዋ፦ ጋሼ፣ ያለኝ ቪትዝ ነው። ሱሉልታ እየኖርኩ ፒያሳ ነው የምሠራው። በረዶ ሲጥል እንዴት ልንዳ?

መልስ፦ አትንጂ፣ ልጄ። የኛ አገር በረዶ ጥሩ ጎኑ ቶሎ ማባራቱ ነው። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቢሮ ከሆንሽ ሻይ ጠጪ። መንገድ ላይ ከያዘሽ ቀስ ብለሽ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጪ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሪና ቁሚ። ዛፍ ሥር ግን አትቁሚ፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በረዶና ነፋስ ሲደራረብበት ይገነጠላል።

ለምን እንደምከለክልሽ በቁጥር ላሳይሽ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄድሽ ፍሬን ብትረግጪ፣ በደረቅ አስፋልት መኪናው 20 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በእርጥብ አስፋልት 35 ገደማ። በረዶ በተኛበት ከ70 ሜትር በላይ። መስታወት በሆነ በረዶ ላይ 140 ሜትር አካባቢ። እግርሽ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ የሚያልፈው ርቀት እዚህ ውስጥ የለም። ይህ ደግሞ በሜዳ ነው። አንቺ የምትመጪው ቁልቁለት ነው።

ካቆመ በኋላም አትቸኩዪ። በረዶው ከሥሩ ሲቀልጥ ውሃና በረዶ አንድ ላይ ይሆናል። ከሁሉ የሚያንሸራትተው ያኔ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከተቀላቀለበትማ ሳሙና ማለት ነው።

ቪ8፦ እኔ ላንድክሩዘር ነው ያለኝ። በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ ይህ ለኔ አይመለከተኝም መሰለኝ።

መልስ፦ ይመለከትሃል። በአራት ጎማ መነዳት ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም አይረዳም። የትኛውም መኪና በአራት ጎማ ነው ፍሬን የሚይዘው፣ ቪትዟም ጭምር። ያንተ መኪና ደግሞ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። ትናንት ቦይ ከገቡት ሦስቱ አንዱ እንዳንተው ያለ ነው።

ቢሾፍቱ፦ ሰላም ጋሼ። መንገዱ እንዴት ነው?

መልስ፦ የትኛው መንገድ? በስንት ሰዓት? በምን መኪና?

የጫንጮ ወተት፦ ጋሼ፣ እኔ ወተት ጭኜ በየቀኑ ሌሊት 10 ሰዓት ከጫንጮ እነሳለሁ። መቅረት የሚባል ነገር የለም፤ ወተቱ ይበላሻል። ጎማዬ ትንሽ ጥርስ ቀርቶታል። ክረምቱን ያወጣኛል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለ ጎማ ሳወራ እረዝማለሁ፣ ታገሠኝ።

ጎማ መሬት የሚነካው በመዳፍህ ስፋት ብቻ ነው። ያ ሁሉ ወተት፣ አንተም ጭምር፣ በአራት መዳፍ ላይ ናችሁ። ጥርሱ ያለው ውሃ እንዲያስወጣ ነው። ውሃውን ማስወጣት ሲያቅተው ጎማው ከአስፋልቱ ይነሳና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ መሪው እጅህ ላይ ቅልል ይላል። መሪ ድንገት ከቀለለህ ጎማህ መሬት ለቋል ማለት ነው። ፍሬን አትርገጥ፤ ነዳጁን ለቀቅ አድርግ፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ፍጥነቱ ሲወርድ ራሱ ይይዛል።

አሁን ውጣና ጎማህን እይ። በጥርሶቹ መሐል ባለው ጉድጓድ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከነሱ ጋር እኩል ከሆነ የቀረህ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው አልቋል። እኔ ግን ለክረምት እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም፤ 3 ሚሊ ሜትር ላይ እቀይራለሁ። ቀጥሎ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አኃዝ ፈልግ። 2319 ካለ፣ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሳ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ትሳሳታለህ። አዲስ ተብሎ የተሸጠልህ ጎማ መደብር ውስጥ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ጥርሱ ቢኖርም አይዝም።

ንፋሱንም ጎሚስታ ጋ ጠዋት በቀዝቃዛው አስለካ። «ለክረምት ንፋስ ቀንስ፣ መሬት ይይዛል» የሚሉህን አትስማ። ጭቃና አሸዋ ላይ እውነት ነው። ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ግን ንፋስ ያነሰው ጎማ ቀድሞ ይንሳፈፋል።

መቅረት የለም ላልከው ደግሞ፣ አለ። የተበላሸ ወተት በሚቀጥለው ወር ይካካሳል። ቁልፍ ሳታዞር ወስን።

ከካልጋሪ፦ ሰላም አገሬዎች። እዚህ ስድስት ወር በበረዶ ነው የምንነዳው። ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ትንሽ ልጨምር። የክረምት ጎማ የሚባል አለ። ላስቲኩ የተለየ ነው፤ ከ7 ዲግሪ በታች የበጋው ጎማ ሲደርቅ እሱ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ኩቤክ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከዲሴምበር እስከ ማርች አጋማሽ ያለሱ መንዳት በሕግ ክልክል ነው። የሚገርማችሁ፣ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን በረዶው የተሻለ ይይዛል። የሚያስፈራን ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው። አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል፤ ለካ በስስ በረዶ ተሸፍኗል። ድልድይ ደግሞ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚመታው ቀድሞ ይረጋል።

ቪ8፦ ወንድሜ፣ እናንተ ጋ ጨው የሚበትን መኪና አለ። እዚህ ጭቃና አህያ ነው ያለው። አይነጻጸርም።

ከካልጋሪ፦ ጨውም ብርዱ ሲበረታ አይሠራም። ከዜሮ በታች 10 ካለፈ አሸዋ ነው የሚበተነው።

የጫንጮ ወተት፦ አህያ ምን አደረገህ? ጥፋቱ የሹፌር ነው።

ቪ8፦ ሌሊት መብራት የሌለው ጋሪ ገጥሞህ አያውቅም ማለት ነው።

መልስ፦ አህያውን ተዉት። የካልጋሪው ልጅ የተናገረውን ግን ያዙ፦ እርጥብ የመሰለ ሁሉ እርጥብ ላይሆን ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ በውርጭ ማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ መስታወታችሁ ነጭ ሆኖ ሲያድር ይህን አስቡ። መስታወቱ ላይ ደግሞ ሙቅ ውሃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል። ማታ ካርቶን አልብሱት።

ነዳጅ ቆጣቢ፦ ከእንጦጦ ስወርድ ፎሌ አድርጌ፣ ማርሽ አውጥቼ ነው የምወርደው። ነዳጅ ይቆጥባል።

መልስ፦ ከዛሬ ጀምሮ አቁም። እለምንሃለሁ።

አንደኛ፣ አይቆጥብም። የዛሬ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ያቆምና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

በ1989 ነሐሴ ላይ ሲሚንቶ ጭኜ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስወርድ ቸኩዬ በአራተኛ ማርሽ ገባሁ። ዝናብ ነበር። ከላይ እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ገና ግማሹ ሳይደርስ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ሊጥ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ወደ ታችኛው ማርሽ ልመልስ ብል አልገባ አለኝ። መሪውን ወደ ተራራው ጎን ሰብሬ የመኪናውን ጎን ቦዩ ላይ አሻሸሁት። መኪናው ተንቀጥቅጦ ቆመ። ረዳቴ ገና ሳይቆም ድንጋይ ታቅፎ ዘሎ ወረደ፤ ታኮ አደረገ። ከዚያ ሁለታችንም መንገድ ዳር ተቀምጠን ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም።

ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። በዝናብ ቀን አንድ ደግሞ ቀንስ። ማርሹ የሚያዘው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው።

አዲስ ገዢ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የገዛሁት። አሁን ሌላ አይገባምና። ለዝናብ እንዴት ነው?

መልስ፦ በኤሌክትሪክ መኪና ብዙ አልነዳሁም፤ አንድ ተማሪዬ ግን አላት፣ አብረን ወርደናል። እግርሽን ስታነሺ መኪናው ራሱ ይይዛል አይደል? በሚያንሸራትት መንገድ ያ መያዝ በድንገት ከሆነ ጎማውን ያስለቅቃል። ቀለል ያለው ላይ አድርጊው፣ እግርሽንም ቀስ ብለሽ አንሺ። ሌላው፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ያ መያዝ ይደክማል፤ የሚሞላበት ቦታ የለውማ። ከላይ የምትወርጂ ከሆነ እስከ ጫፍ አትሙይው። ስለ ባትሪው የሻጩን ጋራዥ ጠይቂ።

ለገጣፎ፦ ጋሼ፣ አስቸኳይ ነው። አጎቴ ደብረ ሲና አርፏል። ቀብሩ ነገ በ6 ሰዓት ነው። አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል፣ ለገጣፎ ነን። እናቴ አሁኑኑ ካልሄድን እያለች ታለቅሳለች። መንዳት ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው። እዚህ ዝናብ የለም።

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

እዚያ ዝናብ አለመኖሩ ደብረ ሲና ሳትደርስ ስለምታልፈው ከፍታ፣ ስለ ጣርማ በር ምንም አይነግርህም። ከአዲስ አበባ ደብረ ሲና 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ብትነሳ ጣርማ በር የምትደርሰው ከመሸ በኋላ ነው። እዚያ ከቆላው የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። በክረምት ማታ የመኪናህን ኮፈን ጫፍ ላታይ ትችላለህ። ከዋሻው ስትወጣ ደግሞ ቁልቁለትና ጥምዝ ነው። የ5 ወር ሹፌር፣ የምታለቅስ እናት አጠገቡ ተቀምጣ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ መገኘት የለበትም።

መጀመሪያ ከዘመድ ልምድ ያለው ሹፌር ፈልግ። ከሌለ ደብረ ብርሃን ድረስ ብቻ ሂድ፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ እደሩ። ጠዋት የሚቀርህ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ 6 ሰዓት በቂ ጊዜ አለህ። ለእናትህ ይህን አሁን፣ ሳትነሱ ንገራት። መንገድ ላይ ከነገርካት ታሸንፍሃለች። ጉሙ ባይነሳና ቀብሩ ቢያመልጣችሁ ሰልስት አለ። ለቅሶ ቤት ሌላ ለቅሶ ይዛችሁ አትግቡ።

ጉም ከያዘህ ረጅም መብራት አታብራ፤ ጉሙ መልሶ ዓይንህ ላይ ይረጨዋል። አጭሩን አብራ። የፊተኛውን መኪና ቀይ መብራት እንደ መሪ አትከተል፣ እሱ ከሳተ አብረኸው ትስታለህ። የቀኝ ጠርዙን መስመር ተከተል።

ቡራዩ፦ እኛ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ጎርፍ ይሞላል። ሲኖትራኩ ሲያልፍ አይቼ ተከትዬ ባልፍስ?

መልስ፦ ሲኖትራክና ያንተ መኪና አንድ አይደሉም። 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። 60 ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሥሩን ካላየኸው አትግባ። ውሃው ውስጥ ሞተሩ ከጠፋብህ ደግሞ መልሰህ አታስነሳው፤ ውሃ ከሳበ ይሰበራል።

ቪ8፦ ኢንሹራንስ የበረዶ ጉዳት ይከፍላል?

መልስ፦ ውልህን አንብብ።

ሰንዳፋ፦ ጋሼ፣ በረዶ ሲጥል እንዴት ነው የሚነዳው?

መልስ፦ ከላይ ለቪትዟ ልጅ ጽፌያለሁ። አይነዳም። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ፤ አንድ መልስ ሦስት ጊዜ ስጽፍ የለገጣፎው ልጅ ይጠብቃል።

የሱሉልታዋ፦ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እግሬን ይመታኛል፣ ይንቀጠቀጣል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ መኪናሽ ኤቢኤስ አለው። ጎማው እንዳይቆለፍ ራሱ እየለቀቀ እየያዘ ነው። እግርሽን አታንሺ። አጥብቀሽ ያዢውና መሪሽን ተጠቀሚ። ብዙ ሰው ደንግጦ የሚለቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ነይ፣ እግርሽ እንዲለምደው አብረን እንሞክረዋለን።

ቢሾፍቱ፦ ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ነበር።

መልስ፦ የትኛው መንገድ ብዬ ነበር።

ለገጣፎ፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን አድረናል። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። አሁን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከጣርማ በር የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ጉሙ ገና አልተነሳም ብሎኛል።

መልስ፦ ጎበዝ። ቁርስ ብሉ። መስታወትህን ከውስጥም ከውጭም ጥረግ፣ የጎማህን ንፋስ አስለካ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ የመጣ ሹፌር ጠይቅና ጻፍልኝ፤ ስልኬን ይዤ ነው ያለሁት።