ጓዝ ከመታሰሩ በፊት፦ ወደ ሀገር ቤት ለሚመለሱ ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ 17 ዓመት ኖሬ፣ አብዛኛውንም ጊዜ በአንድ ድርጅት የሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም ክፍል ሠርቼ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አዲስ አበባ ከገባሁ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ «አንቺ እንዴት አደረግሽው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ጥያቄዎቹን አንድ ላይ ተቀብዬ መመለስ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያለሁ፤ የጠያቂዎችንም ስም አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጠቅልዬ ስገባ መንግሥት የሚሰጠኝ የመቋቋሚያ ገንዘብ ወይም የልጆች አበል ይኖራል?

የለም። በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት መድን የለም፤ የልጆች አበልም የለም። እዚህ የሚጠብቅህ ገንዘብ ሳይሆን መብት ነው። ዜግነት ቀይረህ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ሁሉ «ቢጫ ካርድ» የሚለውን ታወጣለህ። በእርሱ ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ያለ መኖሪያና የሥራ ፈቃድ ትኖራለህ፣ ትሠራለህ። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቀጠር ግን አይፈቀድልህም። ልጆችህም በአንተ ኢትዮጵያዊ ትውልድ ካርዱን ያገኛሉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ይኸው አዋጅ የውጭ ዜጎችን ከጡረታ ሽፋን የሚያስቀረው ድንጋጌ በካርዱ ባለቤት ላይ እንዳይሠራ አድርጓል። በግል ድርጅት ብትቀጠር ከደመወዝህ 7 በመቶ፣ ከአሠሪህ 11 በመቶ ለጡረታ ይገባል። ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት መክፈል ያስፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ 60 ዓመት ነው። ስለዚህ 50 ሳይሞላህ የምትመጣ ከሆነ ቁጭ ብለህ አስላው።

ጥያቄ፦ አባቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ የአሜሪካ ዜጋ ናቸው፤ የሚኖሩት ሚኒያፖሊስ ነው። ትንሽ ሶሻል ሴኩሪቲና ኤስ ኤስ አይ ያገኛሉ። «ሀገሬ ልሙት» እያሉ ነው። ገንዘቡ ይከተላቸዋል?

አንዱ ይከተላቸዋል፣ ሌላው አይከተላቸውም። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱም በየወሩ አንድ ባንክ ውስጥ ስለሚገቡ አንድ ገንዘብ ስለሚመስሉት ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲ ሠርተው ያጠራቀሙት ጡረታ ነው። ዜጋ በመሆናቸው ኢትዮጵያ ቢኖሩም ይከፈላቸዋል። ኤስ ኤስ አይ ግን ለችግረኛ የሚሰጥ ድጎማ ስለሆነ ከአሜሪካ ውጭ አንድ ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ወር ወይም 30 ተከታታይ ቀናት ከቆዩ ይቆማል። ተመልሰው ቢሄዱ እንኳ እንደገና የሚጀምረው እዚያ 30 ቀን በተከታታይ ከቆዩ በኋላ ነው። «ማን ያውቅብናል?» የሚሉ ልጆች አይቻለሁ። የመውጫና የመግቢያ መዝገብ እያለ ይህ ሞኝነት ነው፤ ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመጣል፤ ከቀረቻቸው ከሶሻል ሴኩሪቲዋም ይቆረጣል። ከመነሣታቸው በፊት ራሳቸው ያስታውቁ።

ሌላው ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ነው። ከጥቂት ለየት ያሉ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ወርኃዊ ክፍያውን ለማዳን ክፍል ቢ የሚባለውን፣ የሐኪም ክፍያ የሚሸፍነውን ክፍል ማቋረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በኋላ ሊመለሱበት ቢፈልጉ ላልከፈሉበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። አባትህ በየዓመቱ ለምርመራ እመላለሳለሁ የሚሉ ከሆነ አያቋርጡት። ጠቅልለው የሚገቡ ከሆነ ደግሞ እዚህ ለሚከፍሉት ሐኪም በየወሩ የሚያስቀምጡትን ከአሁኑ ይወስኑ።

በመጨረሻ፣ ውጭ ለሚኖሩ የሶሻል ሴኩሪቲ ተከፋዮች በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ «በሕይወት አሉ ወይ? አድራሻዎ የት ነው?» የሚል መጠይቅ በፖስታ ይላካል። መልስ ካልሰጡበት ክፍያው ይታገዳል። እዚህ ፖስታ ቤት ድረስ የሚሄድ፣ ሳጥኑን የሚከፍት አንድ ሰው ይሰየም። የማውቃቸው አንድ አዛውንት ወረቀቱ ደርሷቸው «የባንክ ማስታወቂያ መስሎኝ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከትተውት ለወራት ያለ ገንዘብ ቆይተዋል።

ጥያቄ፦ እኔስ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ።

ከአንድ ዓመት በላይ ከወጣሽ ነዋሪነትሽን እንደ ተውሽ ሊቆጠር ይችላል። ከመውጣትሽ በፊት እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግለውን የመመለሻ ፈቃድ ጠይቂ። ዜግነት ለማመልከት ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውሽ ከሆነ፣ እህቴ፣ ቲኬቱን አዘግዪው። ዜጋ ያልሆነ ሰው የጡረታ ክፍያውም ላይ ተጨማሪ መስፈርትና ተቀናሽ ግብር ይጠብቀዋል። ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚባለውን የጡረታ ቁጠባ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላሽ ብታወጪ ደግሞ በአብዛኛው ከግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለው። ለቤት መግዣ ብለው የነኩት ሲጸጸቱ ነው የማየው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነን። የ9 እና የ14 ዓመት ልጆች አሉን። አማርኛ ይሰማሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። የት እናስገባቸው?

ሁለቱን ለየብቻ አስቡ።

የ9 ዓመቷ ቶሎ ትለምዳለች። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፤ አማርኛም ይፈተናሉ። 4ኛ ክፍል ከገባች ጊዜው ቅርብ ነው። ፊደሉን እዚያው ሆናችሁ ጀምሩላት፤ በቀን አምስት ፊደል በቂ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ስትጎበኙ ግን ሕንፃውን ሳይሆን የአማርኛ መምህሯን ጠይቁ፦ «ፊደል የማይለይ የአራተኛ ክፍል ልጅ ብናመጣልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» መልሷ ሁሉን ይነግራችኋል። አፋን ኦሮሞም እንደሚማሩ እወቁ፤ ልጄ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ትናገራለች።

የ14 ዓመቱ ጉዳይ ይከብዳል። በአሜሪካ ሳይንሱ በየዓመቱ አንድ አንድ እየተደረገ ይሰጣል፤ እዚህ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአንድ ዓመት በአንድ ላይ ናቸው። ከ11ኛ ጀምሮ በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ ይከፈላሉ። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይመጣል። የ2014 ትምህርት ዘመን ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው አሜሪካ ከሆነ ይህን ሁሉ መሸከም የለበትም። አቅም ካላችሁ በውጭ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩ አሉ፦ አይ ሲ ኤስ በአሜሪካው፣ ሳንፎርድ በእንግሊዙ፣ ሊሴ ገብረ ማርያም በፈረንሳዩ። ክፍያቸው ግን ቀላል አይደለም፤ ከቤት ኪራይ በፊት እርሱን ጠይቁ። አቅሙ ከሌለና ልጁ 16 ሊሞላው ከሆነ፣ ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ጨርሶ ብትመጡ ይሻላል ባይ ነኝ። በዚህ የሚቀየሙኝ ዘመዶች አሉ።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ ያለፉት ክፍሎች ውጤት፣ የመልቀቂያ ደብዳቤና የክትባት ካርድ ያዙ። ውጤቱ በግዛቱ መንግሥት፣ ከዚያ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ በኤምባሲያችን ይረጋገጥ፤ እዚህ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያየዋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ይህን ሰንሰለት መጎተት ወራት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ (ከዚያው ጠያቂ) የልጆቹ ስም ችግር ይፈጥራል ሲሉ ሰማን።

እጅግ ይፈጥራል! እኛ ያየነውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ አሜሪካ ሲገባ የአያቱ ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ተመዘገበ። ልጃችን ሲወለድ የራሱን ስምና ያንኑ የቤተሰብ ስም ያዘ። እዚህ ስንመጣ ታዲያ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው ተብሎ ስለሚነበብ፣ በወረቀት ላይ የልጁ አባት ቅድመ አያቱ ሆኑ። የመዝጋቢዋ ጥያቄ «አባቱ ማን ናቸው?» ነበር። ባለቤቴ «እኔ ነኝ» አለ። «ወረቀቱ እርስዎን አያውቅዎትም» አለችው። ሳቅን፤ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል።

መፍትሔው የወላጆች ሙሉ ስም የሠፈረበትን የልደት ምስክር ወረቀት አረጋግጦና አስተርጉሞ መያዝ ነው። የልጁ ስም ደግሞ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። በትምህርት ቤት «ለማስተካከል» ብላችሁ የአባት ስም ብትጨምሩ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት በዚያ ስም ይወጣና ከፓስፖርቱ ጋር ይጣላል።

ጥያቄ፦ ለንደን 22 ዓመት ሠርቻለሁ። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ እዚህ ይደርሰኛል? ልጄስ በኋላ ተመልሳ እዚያ ዩኒቨርሲቲ መግባት ትችላለች?

ይደርስሃል፤ ቢያንስ 10 የክፍያ ዓመት ካለህ መብትህ ነው። ግን ልብ በል፦ ኢትዮጵያ ለምትኖር በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪ አይሰጥህም፤ መጀመሪያ በተከፈለህ መጠን ይረጋል። ሃያ ዓመት ብትኖር ያንኑ ፓውንድ ነው የምትቀበለው።

ልጅህ መግባት ትችላለች። ክፍያው ግን እንደ ነዋሪ እንዲሆንላት በአብዛኛው ከመግባቷ በፊት ሦስት ዓመት እዚያ መኖር ይጠበቅባታል። ፓስፖርቷ ብቻውን አይበቃም። በጣም የሚያስደነግጠው ወጪ ይህ ነው፤ ማንም አስቀድሞ አይነግርህም።

ጥያቄ፦ ጀርመን 7 ዓመት ሠራሁ፤ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። የከፈልኩትን ጡረታ አውጥቼ ሱቅ ልክፈትበት?

ከወጣህ 24 ወር ካለፈ በኋላ የራስህን ድርሻ መጠየቅ ትችላለህ። የአሠሪህ ድርሻ ግን ይቀራል፤ የጡረታ መብትህም ከሥሩ ይጠፋል። አንተ ለጡረታ የሚጠየቀውን 60 ወር አልፈሃል፤ ዝም ብትለው ዕድሜህ ሲደርስ በየወሩ በዩሮ ይከፈልሃል። የብሩ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምን ያህል እንደ ወረደ ታውቃለህ። ሱቁን በሌላ ገንዘብ ክፈተው።

ጥያቄ፦ እህቴ ኩዌት በቤት ሠራተኝነት 6 ዓመት ቆይታ ልትመጣ ነው። ማዳሟ የአራት ወር ደመወዝ ይዛባታለች።

ሳትቀበል አትሳፈር። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68 የ2015፣ ውሏን ስትጨርስ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ ይሰጣታል። ስለዚህ የምትጠይቀው አራት ወር ብቻ አይደለም፤ የስድስት ወር ክፍያም ይጨመርበታል። አቤቱታውን በሰው ኃይል ባለሥልጣኑ ሥር ላለው የቤት ሠራተኞች ክፍል ታቅርብ፤ ኤምባሲያችንንም ታስታውቅ። «ሁሉንም ተቀብያለሁ» የሚል በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሳይነበብላት እንዳትፈርም። ከመጣች በኋላ ግን በውክልና መከራከር ነው፤ ያም ረጅም መንገድ ነው። በሕጋዊ ኤጀንሲ ሄዳ ከሆነ በውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጁ ኤጀንሲው ከአሠሪዋ ጋር ተጠያቂ ስለሆነ ውሏን ይዛችሁ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሂዱ።

ጥያቄ፦ ከቤይሩት ስመጣ የ6 ዓመት ልጄን ይዤ ነው። እዚያ ተወልዶ ምንም ወረቀት የለውም። ትምህርት ቤት ይቀበሉታል?

እህቴ፣ መጀመሪያ አትፍሪ። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አዋጅ 378/1996 እንዲህ ነው የሚለው። አንቺ በቂ ነሽ፤ የአባቱ ስም አለመኖር አያስቀረውም። የይለፍ ሰነድሽን፣ የሆስፒታል ወረቀት ካለሽ እርሱን፣ የሚያውቁሽን ምስክሮች ይዘሽ ወደ ወረዳሽ ሂጂ፤ የነዋሪነትና የልደት ምዝገባውን ጠይቂ። ጤና ጣቢያ ወስደሽ ክትባቱን አስጀምሪለት፤ ካርዱ ራሱ አንድ ማስረጃ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ነው፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ ምገባና የደንብ ልብስም አለ። ርእሰ መምህሩን ራስሽ አነጋግሪ፤ ልጁን ከጎንሽ አድርገሽ።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ላምጣ?

የነዳጅ ከሆነ አታምጣ፤ ከ2016 ጀምሮ ማስገባት ተከልክሏል።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛን እዚያ ጨርሳለች። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ትግባ?

የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃዋን አቻ ግምት ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ታውጣ። የኮሌጅ ዲግሪ ከሆነ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው የሚኬደው። ሰው ሁለቱን እያቀያየረ ነው የሚንከራተተው።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር እንግባ?

በሐምሌ መጀመሪያ። እዚያ ትምህርት በሰኔ ስለሚዘጋ ልጆቹ ዓመቱን አያቋርጡም፤ እዚህ ደግሞ የመግቢያ ፈተና ለመፈተንና ፊደል ለመለማመድ እስከ መስከረም ጊዜ ይተርፋቸዋል። ቦታውን ግን ከግንቦት ጀምሮ በዘመድ በኩል አስይዙ። በዓመቱ አጋማሽ ከመጣችሁ ብዙ ትምህርት ቤት አይቀበላችሁም። የቀን አቆጣጠሩንም በጨዋታ አስለምዷቸው። የእኔ ትልቋ በመጀመሪያው ዓመት «የምዘና ፈተና መስከረም 22» የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። ሌሊቱን ስታጠና አድራ በሴፕቴምበር 22፣ ማለትም በመስከረም 12፣ እርሳሷን ቀርጻ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ «ማሚ፣ ማንም አልፈተነኝም» አለችኝ፤ ዐሥር ቀን ቀርቷት ነበር።