ከጠመንጃው በፊት አመዱን ያዙ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። ቪዲዮ ነው። ሁለት ወጣቶች በሞተር ሳይክል አንዲት የደጋ አጋዘን ያባርራሉ፤ እየሳቁ። ልጁ እኔም እንድስቅ ጠብቆ ነበር መሰለኝ፤ የድሮ አዳኝ ነኛ! እኔ ግን ዓይኔ ከእንስሳዋ ላይ አልነሳ አለ። ቀንድ የላትም፤ ሴት ናት። ሆዷ ወደ ጎን ተነፍቷል። «ያረገዘች ናት፣ መልሰህ እይ» አልኩት። ሁለተኛ ሲያየው እሱም አልሳቀም።

ይህን የምጽፈው ለእሱና ለእኩዮቹ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በአርሲና በባሌ ደጋ ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች ስመራ ኖሬያለሁ። ሰው ሲያገኘኝ «ስንት ጣልክ?» ይለኛል። ድሮ ጎሽ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ሲመለስ ይዘፈንለት፣ ቅቤ ይቀባ ነበርና ጥያቄው አይገርመኝም። መልሴ ግን አይጥማቸውም። አብዛኛው ቀን ሳይተኮስ ነው የሚመሸው። ሥራው መቀመጥና ማየት ነው።

ሙያውን ያስተማረኝ ዱካ ተከታይ ሽማግሌ ወገቡ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነበረችው። ውስጧ የተነፋ አመድ አለ። ጥቂት እንራመድና ቆም ብሎ ከረጢቷን በጣቱ መታ ያደርጋታል። አመዱ ብን ይላል። ወደ ፊታችን ከመጣ እንቀጥላለን። ከኋላችን ተነስቶ ወደ ፊት ከሄደ ግን ሽታችን ቀድሞናል ማለት ነው። ያኔ ዞረን በሌላ በኩል እንመጣለን፤ አንዳንዴ የሁለት ሰዓት መንገድ። የተራራ ነፋስ ደግሞ ሰዓት ያውቃል። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ አየሩ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ማለዳ ከታች፣ ረፋዱ ላይ ከላይ ነው የሚቀረበው። ካሜራ ለያዘም ያው ነው። ይህን ሳያውቁ ውድ ሌንስ ተሸክመው መጥተው የአጋዘን ጀርባ ብቻ አንስተው የሄዱ ስንቱን አይቻለሁ!

«እንስሳውን ተወውና የበላውን ፈልግ» ይለኝ ነበር ሽማግሌው። አጋዘን ጠዋትና ማታ ገላጣው ላይ ይወጣል። ቀን አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም ኮሶና ጽድ ጥላ ሥር ገብቶ ያመሰኳል። ጫፉ የተቀነጠሰ ቅጠል ፈልጉ። ሣሩ ላይ ጤዛው የረገፈበት መስመር ካለ፣ ዛሬ ጠዋት የታለፈበት ነው። በጠጡን በጣታችሁ ጨፍልቁት፤ አትጸየፉ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ድምፃችሁን ቀንሱ።

ስለ ደጋ አጋዘን ከአሥር ሳንቲም ላይ ካለው ሥዕል በቀር የማታውቁ ትኖራላችሁ። (አሥር ሳንቲሙንስ አሁን የት ታዩታላችሁ?) ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በሳይንስ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ አይቮር ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1908 ከገደለው በኋላ። «ያኔ ተገኘ» ሲባል ሽማግሌው በጣም ይስቅ ነበር። አባቱም አያቱም አብረውት ሲኖሩ የከረሙትን እንስሳ!

አሁን የማልኮራበትን ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከአንድ ደንበኛ ጋር ስድስት ቀን ተንከራተን፣ በሰባተኛው ቀን ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ትልቅ ወንድ አየን። ርቀቱ በዝቷል፤ ብርሃኑ እየሄደ ነው። ደንበኛው በዓይኑ ጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ተኮሰ። እንስሳው ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ አስታው ውስጥ ገባ።

እንደዚያ የጎበጠ እንስሳ ሆዱን ነው የተመታው። አውቅ ነበር። ቢሆንም ሮጥኩ። መደረግ ያለበት ሌላ ነበር። የቆመበት ቦታ ላይ ምልክት አስረህ ደሙን ታያለህ። ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፤ ሩቅ አይሄድም። ጠቆር ብሎ ፈርስ ከተቀላቀለው ሆድ ነው፤ ብዙ ሰዓት ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ካላባረሩት ብዙ ጊዜ እዚያው ቅርብ ይተኛል። እኔ አባረርኩት። ጨለመ፣ ጉም ወረደ፣ ደሙ ጠፋን። ሌሊቱን ጅብ ሲጮህ አደረ። ጠዋት ያገኘነው ጭንቅላቱንና አከርካሪውን ነው።

ሥጋውም ባከነ። እዚያ አገር ሳይታረድ የሞተ አይበላም፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስሚላህ ብሎ የሚያርድ ሰው ሁሌም አብሮን ይሄዳል። ያን ቀን ቢላዋው ከሰገባው አልወጣም። ፈረስ ይዘው የመጡት የመንደሩ ሰዎች ባዷቸውን ተመለሱ። (ከርከሮ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይነካውም፤ የሚሸከም እንኳ ይጠፋል።) ደንበኛው ቀንዱን ይዞ ደስ ብሎት ሄደ። ሽማግሌው ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ «ጥይቱ የሱ ነው፣ ራስ መነቅነቁ ያንተ» አለኝና ቂጣውን ቆርሶ ሰጠኝ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባሌ ውስጥ ብዙ አጋዘን በጥይት አልቋል። አለቀለት ብለን ነበር። የተረፉት ግን ዲንሾ ጫካና ጋይሳይ ሜዳ ላይ ቀስ በቀስ ረቡ። ግጦሹና መደበቂያው ስለነበረ ነው። አሁን የሚያስፈራኝ ይኸው መደበቂያ ነው። የገብሱ ማሳ በየዓመቱ ጫካውን ትንሽ ትንሽ ይገፋል። አስታው ለከብቱ ሣር እንዲያበቅል ይቃጠላል። ገበሬው ላይ ለመፍረድ አፌ አይደፍርም። አጋዘን ገብሱን ሲበላበት የሚያድረው እሱ ነው። ከእንስሳው ምንም የማያገኝ ሰው ለምን ብሎ ይጠብቀው? ፈቃድ ያለው አደን ለእኔ ትርጉም የሚሰጠኝ እዚህ ጋ ብቻ ነው፦ ኮታው ትንሽ ሲሆን፣ የሚተኮሰው ያረጀ ወንድ ብቻ ሲሆን፣ ከገንዘቡም ጫካው ሥር ላለው ሰው ሲደርስ። ሳይደርስ ሲቀርም አይቻለሁ። በዓመቱ ስትመለስ ጫካው ውስጥ መጥረቢያ ትሰማለህ።

ለጉብኝት የምትሄዱ፣ ውሻችሁን ቤት ተዉት። እዚያው ደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው 500 ገደማ ቢቀር ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ከውሻ እየተጋባ ደጋግሞ ፈጅቶታል። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጋቢ ያዙ፣ ክብሪቱን በላስቲክ ጠቅልሉ። ፎቶ ስትለጥፉ ቦታውን አትጥቀሱ። ቀንድ «ለቤት ማሳመሪያ» የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ፤ ወንጀል ነው።

ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ደንበኛ ግራ ጆሮው የተቀደደ ወንድ ላይ አነጣጠረ። በባይናኩላር አየሁት። ቀንዱ ገና ቀጭን ነው፤ ያረጀ ወንድ ጫፉ ተፍቆ ይነጣል፣ የዚህ ግን ጥቁርና ሹል ነው። «አይሆንም» አልኩ። ሰውዬው ተቆጣ፤ ሲሄድም ጉርሻ የሚባል ነገር አልሰጠኝም።

ከአራት ዓመት በኋላ እንዲሁ ለመንሸራሸር እዚያው ሸለቆ ወጣሁ። ሽማግሌው ሲሞት ልጁ ያቺን ከረጢት ለኔ ሰጥቶኛል፤ ወገቤ ላይ ናት። ጉሙ ገለጥ ሲል ከአስታው ጠርዝ አንድ ብቸኛ ወንድ ብቅ አለ። ግራ ጆሮው የተቀደደ ነው። የቀንዱ ጫፎች ነጥተዋል። ከረጢቷን መታ አደረግኳት። አመዱ ወደ ፊቴ መጣ። ቁጭ አልኩ።