የአደጋ ጊዜ መጠለያ የሚጠቁም አፕ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በጎርፍ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ወይም በመሬት መንሸራተት ጊዜ ሰው መጠለያ የሚያገኝበት አፕ ስለመሥራት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ነሐሴ 2009 ሃሪኬን ሃርቪ የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ከተማ ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቃት እዚያው ነበርኩ። የመጠለያ ዝርዝር ከሚያጣሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኜ ስልክ ስደውል ሰንብቻለሁ። የምላችሁ አብዛኛው ከዚያ የተማርኩት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ልሠራው አስቤያለሁ። ካርታው አስፈራኝ። ከየት ልጀምር?

ካርታው አያስፈራሽ፤ ቀላሉ እሱ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለው፣ ማንም የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነጻ ነው። ሊፍሌት በሚባለው የካርታ ማሳያ ኮድ ድረ ገጽሽ ላይ ለማሳየት አንድ ቀን ይበቃሻል። ከባዱ ዝርዝሩ እውነት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

በሃርቪ ጊዜ ስኬች ሲቲ የሚባል የሂዩስተን የቴክኖሎጂ ማኅበር የመጠለያ ካርታ በቀናት ውስጥ ሠርቶ ነበር። ከካርታው ጀርባ የነበረው ብዙ ሰው የሚሞላው የጉግል ሰንጠረዥ ነው። አገልግሎቱን ደግፎ የያዘው የስልክ ጥሪ ነበር። «ክፍት ናችሁ? ቦታ አለ? ምን ጎደላችሁ?» እንላለን። ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና እንደውላለን፤ የጠዋቱ መልስ ለማታ አይሆንማ። ጆርጅ አር ብራውን የሚባለው የስብሰባ አዳራሽ ለ5,000 ሰው ነበር የተዘጋጀው። በቀናት ውስጥ ግን እጥፍ ሰው ገባበት።

የማውቀው አንድ ቤተሰብ ሕፃን ታቅፎ፣ ውሃው ጉልበቱ ድረስ እየደረሰ፣ አንድ ዝርዝር ላይ ወዳየው ትምህርት ቤት ሄደ። በሩ ተቆልፏል። ከአንድ ቀን በፊት ነበር የተዘጋው። ያ ቤተሰብ እስከዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም።

ስለዚህ ኮድ ሳትጽፊ መጀመሪያ ሰንጠረዡን አውጪ። የቦታው ስም፣ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ክፍት መሆኑ፣ ማን እንዳረጋገጠው፣ በስንት ሰዓት እንዳረጋገጠው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሁሉም ይበልጣሉ። ስልኩ ላይ «ከ2 ሰዓት በፊት ተረጋግጧል» የሚለው ጽሑፍ ከመጠለያው ስም እኩል ጎልቶ ይታይ። የተዘጋውንም አታጥፊው፤ «ተዘግቷል» ብለሽ አሳዪ። ካጠፋሽው ሰው ከጎረቤት የሰማውን ይዞ እዚያው ይሄዳል።

ከድሬዳዋ ነኝ። ትምህርት ቤቶችን በሙሉ መጠለያ ብለን ብንመዘግብ አይቀልም?

ይቀላል፤ ግን ሰው ሊያስጨርስ ይችላል። የእናንተን ከተማ እንውሰድ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ሰው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጎርፍ መጠለያ የሚሆነው ከወንዙ የራቀ፣ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ወንዝ ዳር ያለ ትምህርት ቤት የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የለበትም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። በ2017 በአፋር አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ወጥቷል። መሬቱ ገና እየተንቀጠቀጠ ሰውን የተሰነጠቀ አዳራሽ ውስጥ አታስገባም። ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን ይሻላል። እና እያንዳንዱ ቦታ ሰንጠረዡ ላይ «ለየትኛው አደጋ?» የሚል ዓምድ ይኑረው። ተጠቃሚው መጀመሪያ የሚጠየቀውም ይኸው ነው፦ ጎርፍ ነው? መንቀጥቀጥ ነው? መንሸራተት ነው?

ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ይጠፋል ብለህ ሥራው። ዝርዝሩ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይቆይ፤ ኔትወርክ ሲገኝ ብቻ ይታደስ። መጀመሪያ ጽሑፉ ይምጣ፣ ካርታው ይከተል። ባትሪው 10 ፐርሰንት የቀረው ሰው ሎጎ ሲሽከረከር የሚያይበት ጊዜ የለውም።

ስማርት ስልክ የሌለውን አትርሳው። *804# ብሎ ቀሪ ሂሳብ ማየት የለመደ ሰው በዚያው መንገድ የወረዳውን ስም መርጦ ሦስት መጠለያ ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ከቴሌኮሙ ጋር ስምምነት ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን አደጋ ሳይመጣ ጀምረው። ጥር 2002 በሄይቲ መንቀጥቀጥ ጊዜ ሰው ያለበትን ቦታና የሚያስፈልገውን በ4636 አጭር ቁጥር በተራ ኤስኤምኤስ ይልክ ነበር።

በስንት ቋንቋ ልሥራው?

በአካባቢው በሚነገረው ሁሉ። አፋር ላይ አፋርኛ ከሌለው አታውጣው። ወደ 4636 በክሪዮል፣ በሄይቲ ሕዝብ ቋንቋ፣ የመጡትን መልእክቶች የተረጎሙት ከሄይቲ ውጭ የሚኖሩ ሄይቲያውያን ነበሩ። ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ያላችሁ፣ «ከሩቅ ሆኜ ምን ልርዳ?» ላላችሁኝ ሁሉ፣ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

«ቅርብ የሆነውን መጠለያ» እንዴት ላስላው?

በቀጥታ መስመር እንዳታሰላው። 400 ሜትር ብለህ የሞላ ወንዝ መሀል ልትልከው ትችላለህ። የእግር መንገዱን አስላ፤ ካልቻልክ ወንዙን ድንበር አድርገህ ማዶ ያለውን ከዝርዝሩ አውጣ።

ማንም ሰው መጠለያ እንዲጨምር ልፍቀድ?

ይጠቁም እንጂ አያጽድቅ። በ2000 ኬንያ ውስጥ የተጀመረው ኡሻሂዲ የሚባል የሕዝብ ጥቆማ መሰብሰቢያ ካርታ ከሕዝብ የመጣውን ጥቆማ ከተረጋገጠው ለይቶ ማሳየት እንደሚቻል አሳይቷል። ያልተረጋገጠው በሌላ ቀለም ይታይ፣ አንድ ሰው ደውሎ እስኪያጣራው ድረስ።

ልጄ፣ እኔ ጎፋ ዞን ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ገጠር ውስጥ ማን ሊያረጋግጥ ነው?

ጋሼ፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው። እናንተ ጋ ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ሰው ጎረቤቱን ሊያወጣ ሮጠ፤ ሁለተኛው እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ስለዚህ አፑ «የት ልሂድ» ብቻ ሳይሆን «የት እንዳልሄድ» ማለት አለበት።

የሚያረጋግጡት የቀበሌ ሠራተኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰው ይመዝገብ፤ አንዱ ቢታጣ ሌላው እንዲያነሳ። እርስዎ ደግሞ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ያውቃሉ፤ ያንንም መዝግቡልን።

ሰው መጠለያ እያለ ለምን አይሄድም?

ብዙ ጊዜ የሚተወው ነገር ስላለ ነው። ሂዩስተን ውስጥ ውሻቸውን ላለመተው ውሃ ውስጥ የቆዩ ነበሩ። አርብቶ አደሩ ደግሞ ግመሉንና ፍየሉን ጥሎ አይሄድም፤ ሕይወቱ ናቸው። «ከብት ማስገባት ይቻላል?» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃና ማታ መብራት መኖሩም ይታይ። ተጠቃሚው የቆመበትን ቦታ ግን ሰርቨር (የአፑ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ አታስቀምጡ፤ የርቀቱ ስሌት እዚያው ስልኩ ላይ ይጠናቀቅ።

ብቻዬን ነኝ፣ ገንዘብም የለኝም። ልተወው?

አትተዪው። አንድ ወረዳ ምረጪ። 20 ቦታ መዝግቢ፣ ሁሉም ጋ ደውዪ። ክረምት ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ዳታ አጥፍተሽ፣ በስልክሽ ብቻ እየተመራሽ፣ ከቤትሽ እስከ አንዱ መጠለያ በእግርሽ ሂጂ። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ። የት ጋ ቆማ «አሁንስ ወዴት ነው?» እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደምናስተካክል አብረን እናያለን።